ምክንያት ያልተጻፈበት ሪፖርት

የአያ አጣናውን መሞት የሰማሁት ማክሰኝት ገበያ ላይ ጤፍ ስመርጥ ነው። ከጎንደር የመጣች አንዲት የሩቅ ዘመድ፣ «አያ አጣናው እኮ አረፉ፤ ነገ ነው ቀብሩ» አለችኝና ወደ ሽንኩርቷ ዞረች። እፍኝ ጤፍ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ባለ ጤፉ «አባ፣ ይወስዱታል ወይስ ይመልሱታል?» ባይለኝ ኖሮ እዚያው በመሸብኝ።

በማግሥቱ በጠዋቱ ማኪና ሄድኩ። ቀብሩ ላይ አንድ ንጹሕ የለበሰ ወጣት የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። ደግ ነበሩ፣ ታማኝ ነበሩ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ፣ ሥራ ወዳድ ነበሩ አለ። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ቆሜ ስሰማ አያ አጣናው መነጽራቸውን አውልቀው ሲያጸዱ ታየኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነበብ መነጽር ማጽዳት ልማዳቸው ነበር። ወጣቱን ቢያገኙት ኖሮ፣ «ደግ ነበሩ ትላለህ፤ ምነው? ምን ሲያደርጉ አየህ?» ይሉት ነበር።

እኔ ምን እንዳደረጉ አውቃለሁ። ለሌላው ሰው ያደረጉትን ባላውቅ ለእኔ ያደረጉትን አውቃለሁ። ትምህርቴ ትንሽ ነው። ያችኑ ትንሿንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ።

አያ አጣናው የጎንደር ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ረጅም፣ ከትከሻቸው ጎንበስ ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። የመነጽራቸው የግራ እግር ተሰብሮ በሆስፒታል ፕላስተር ተጠቅልሏል። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር፤ ዓይናቸውን ታመው ሳይጨርሱ ወጡ። ከዚያ ቤት ግን አንድ ቃል ይዘው ወጥተዋል። ቅኔ ቤት ተማሪው ሲያስብ የዋለውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይናገራል። ያማረ እንደሆነ ሰሚው «ይበል» ይላል። ያላማረ እንደሆነ ማንም ምንም አይልም። ልጁ ብድግ ይልና እንደገና ሊያስብ ወደ ዛፉ ሥር ይመለሳል። ጭብጨባ የለም፣ ስድብም የለም። አያ አጣናው ያችን «ይበል» እንደ ቅርስ ነበር የሚጠብቋት። በዓመት ሁለቴ ብትወጣቸው ነው። ያልወደዱት ነገር ሲሆን መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ያጸዳሉ። መነጽሩ ንጹሕ ሆኖም ያጸዳሉ።

አንድ ሰው ስለ አንድ ነገር «ሸጋ ነው» ካላቸው «ምነው?» ይላሉ። «መጥፎ ነው» ቢላቸውም ያው «ምነው?» ነው። ምክንያት ሳትሰጥ አትለቀቅም። ፊደል ያስቆጠሩኝም እንደዚሁ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በቀበሌያችን አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ያስተምሩ ነበር፤ እኔ የአዳራሹ ጥበቃ ስለነበርኩ በሩ ላይ ቆሜ እማራለሁ። መጀመሪያ የጻፍኳት ዓረፍተ ነገር «በሬ ጥሩ ነው» የምትል ነበረች። አዩዋትና፣ «ምነው?» አሉ። ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ «ስለሚያርስ» ብዬ ጨመርኩ። «አሁን ጻፍክ» አሉኝ።

ቆይቶ ለቀበሌያችን ቴሌቪዥን መጣ። በሣንቃ ሣጥን ውስጥ፣ ቁልፍ ተበጅቶለት፣ ከመድረኩ በላይ ግድግዳው ላይ ተቀመጠ። ቁልፉ የሚያድረው በእኔ አንገት ነው። ከሥራ መልስ ሕዝቡ አግዳሚው ላይ ይሰበሰብና እኔ በወንበር ወጥቼ ሣጥኑን እከፍታለሁ። አያ አጣናው ሦስተኛው አግዳሚ ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። ከጎናቸው ዳቦ የምትሸጠው እትዬ ውዴ ትቀመጣለች፤ እሷ ካልነካካቻቸው ሌሊቱ አይነጋላትም።

ድራማ ታየ እንበል። አባትየው አልጋ ላይ ሆኖ ረጅም ኑዛዜ ተናግሮ ይሞታል፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ይጠርጋል። አያ አጣናው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

«እርስዎ ደግሞ አንጀት የለዎትም» ትላለች እትዬ ውዴ።

«ሆስፒታል ስንት ሰው ሲያሸልብ አይቻለሁ። የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ውሃ ስጡኝ ነው የሚሉት። ይኼ ሰውዬ ያን ሁሉ ሲናገር አንድ ጉንጭ ውሃ እንኳ አልጠጣም።»

«ገነትም ቢገቡ መዝሙሩ ረዘመ ሊሉ ነው።»

«ከረዘመማ እላለሁ።»

የህንድ ፊልም ግን ይወዱ ነበር። ሲኒማ ቤት በመጣ ቁጥር ይገባሉ። የተማሩት ሰዎች ይስቁባቸዋል፤ ሰው ልቡ ተሰብሮ እንዴት ይዘፍናል ይሏቸዋል። «የእኛስ አልቃሽ ምን ታደርጋለች?» ይላሉ አያ አጣናው። «ሬሳ ፊት ቆማ በዜማ አይደለም እንዴ የምታወርደው? እነዚህ ሰዎች ልቅሶ ያውቃሉ።» የድብድብ ፊልም ሲሆን ደግሞ የሚያዩት ኮፍያውን ነው። «አሥራ አምስት ሰው ደበደበ፤ ኮፍያው አልወደቀም። ስለዚህ አልተደባደበም።» አንዲት የሆስፒታል አስታማሚ በጋዜጣ የተሸፈነ ልብ ወለድ ታውሳቸው ነበር። አንዱን መልሰው ሲመጡ ምን ይመስላል ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ሰውዬው ልጅቷ ውብ ናት እያለ ሁለት ገጽ ፈጀ፤ አላየኋትም። ኋላ ጫማዋ ጠቧት መንገድ ዳር ተቀምጣ ስታወልቅ ያን ጊዜ አየኋት። ደራሲው ግን ሳያውቃት ቶሎ አስነሳት» አሉኝ።

ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ ነበር የምንሰማው። ዘመኑ ግን የሚቀለድበት አልነበረም።

አንድ ማታ ዜና እየተነበበ አያ አጣናው ወደ እትዬ ውዴ ጎንበስ ብለው፣ «ይኼ ልጅ ድርቅም ሲያነብ ትራክተርም ሲያነብ ያው ፊቱ ነው። ቀብር የመጣ የሩቅ ዘመድ ይመስላል» አሏት። እትዬ ውዴ ሳቋ ቀላል አይደለም። እሷ ስትስቅ እሳቸውም አግዳሚውም ሳቁ። በዚያች ሰዓት ይነበብ የነበረው የአብዮቱ ድል ነበር።

ሰኞ ጠዋት የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ አንተነህ ቢሮው አስጠራኝ። የጭልጋ ልጅ ነው፤ እናቱ አይከል ይኖሩ ነበር። ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ ሲያወራ እስክሪብቶ የሚከፍትና የሚዘጋ። ታናሽ ወንድሙ ከቤት ወጥቶ የገባበት አልታወቀም ይባል ነበር፤ ይህን ግን ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም።

«ጓድ ዘለቀ፣ መጻፍ ተምረሃል አሉ።»

«ትንሽ፣ ጓድ።»

«ያ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ በቴሌቪዥኑ፣ በፊልሙ፣ በግጥሙ ላይ የሚናገረውን በየሳምንቱ ጽፈህ ታመጣልኛለህ። ለእኔ በእጄ። ለሌላ ሰው አይደለም።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ከእኔ በፊት የነበረው ጥበቃ አንድ ቀን ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ወጣ፤ ጃኬቱን እንኳ አልለበሰም። ጃኬቱ በበሩ ዳር ባለችው የጥበቃ ክፍል ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከሱ በኋላ እኔ ስገባ ማንም አንሣው አላለኝም፣ ማንም ተወውም አላለኝም። ዓመት ሙሉ ከጃኬቱ አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የራሴን ልብስ መሬት ላይ ነበር የማስቀምጠው።

ያን ሳምንት እንጀራ አልወርድልህ አለኝ። በአራተኛው ቀን ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ «አያ አጣናው ቴሌቪዥን አዩ። ሳቁ።» አየሁት። «ሳቁ» የምትለዋ ቃል ሰውን የምታስወስድ መሰለችኝ። ቀደድኳት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እግሬ ወደ ቀሐ ወሰደኝ። አያ አጣናው ቤታቸው እዚያ ነው፤ ከቀሐ ወንዝ ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጠው ያነቡ ነበር። ተንበርክኬ ነው የነገርኳቸው።

እኔ ተበሳጭተው ይመቱኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ምን ብለህ ጻፍክ?» አሉ።

«ሳቁ ብዬ።»

«ምነው እንደሳቅሁ አልጻፍክም?»

«ፈራሁ።»

«የሚያስፈራውስ ያ ነው፣ ዘለቀ። ሳቀ ብለህ ከተውከው ምክንያቱን እነሱ ያበጁለታል። የሚያበጁት ደግሞ የፈለጉትን ነው። እኛው እንስጣቸው። ወረቀት አለህ?»

እንዲህ ሆኖ ጀመርን። በእሳቸው ላይ የሚጻፈውን ሪፖርት እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እሳቸው እንዳይጽፉት የእጅ ጽሑፋቸው በከተማው ሰው ካርድ ሁሉ ላይ አለ። አላማረም ካሉ ያስደግሙኛል። ላብ ወረቀቱን እያበላሸብኝ፣ «ለካድሬ የሚሄድ ቢሆንም ሸጋ አድርገህ ጻፈው» ይሉኛል። አንድ ሕግ ብቻ አወጡ፤ «የተናገርኩትን ሁሉ መጻፍ ግዴታህ አይደለም። ያልተናገርኩትን ግን አትጻፍብኝ።»

የመጀመሪያውን ሰኞ ይዤ ሄድኩ። ዜና አንባቢው ልጅ ፊቱን ከሚያነበው ነገር ጋር ቢያስማማው ሕዝቡ ድሉን በተሻለ ይሰማው ነበር፣ ስለዚህም ሳቁ ይላል ወረቀቱ። ጓድ አንተነህ ቆሞ አነበበው። መሳቢያው ውስጥ ከተተው። የሁለተኛውን ሳምንት ተቀምጦ አነበበ። በሦስተኛው ስለ ኮፍያው ሲደርስ ከንፈሩ ፈገግ አለና ቶሎ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ከበሩ ስገባ እስክሪብቶውን ያስቀምጥ ጀመር። አንድ ቀን፣ «የህንዱን ፊልም አላየም እንዴ በዚህ ሳምንት?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ለአያ አጣናው ስነግራቸው፣ «ተው እንግዲህ፤ አንባቢ አገኘን» አሉ። እኔ ግን አልቀለለኝም። ሰው ደጅ ላይ ድምፅ ሲያሰማ የሚደነግጠው ልቤ እንደዚያው ነበር። እንዲያውም ባሰኝ፤ የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀውን ያጣ ቀን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

የአብዮቱ በዓል ደረሰ። አዳራሹ ሞላ፤ ከሰልፉ መልስ የተለያየ ዝግጅት ቀረበ። በመጨረሻ ጓድ አንተነህ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የራሱን ግጥም ሊያነብ ነው። ከሁላችን በላይ የፈራ ሰው እሱ ይመስል ነበር፤ ወረቀቱን በሁለት እጁ ጨብጧል። ረጅም ግጥም ነው። ተራሮች ይጮኻሉ፣ ወንዞች ቀይ ባንዲራ ይዘው ይፈሳሉ፣ ፀሐይ ክንዷን ታነሣለች። እኔ የሰማሁት ያን ያህል ነው፤ ዓይኔ ሦስተኛው አግዳሚ ጥግ ላይ ነበር። አያ አጣናው ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምረው መነጽራቸውን ያጸዳሉ። ወደ መካከል ሲደርስ አንድ ጊዜ አቆሙና አጠለቁት፤ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ መልሰው አወለቁ። ሲያበቃ አዳራሹ በጭብጨባ ፈነዳ። እሳቸው በእጃቸው መነጽር ስለያዙ አላጨበጨቡም። ጓድ አንተነህ ያየው እሳቸውን ብቻ ነው።

ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «የዚህን ሳምንት ሰኞን አትጠብቅ። ነገ አምጣው።»

በዚያው ወደ ቀሐ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። አያ አጣናው ዋርካው ሥር ናቸው። ወረቀቴን አወጣሁ።

«ጻፍ» አሉኝ። «ተራሮቹ ይጮኻሉ፣ ወንዞቹ ይጮኻሉ፣ ፀሐይዋም ትጮኻለች። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ሰው የለበትም። ልጁ ያላየውን ነገር ነው የጻፈው።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «አያ፣ ይህን አልጽፍም።»

«ምነው?»

«ይገድለናል። ዛሬ እንኳ ዝም ብለው ወድጄዋለሁ ይበሉ።»

«አልጨረስኩም እኮ፣ ዘለቀ። ተቀመጥ። ግን...»

«ግን» ብለው ነበር። አላስጨረስኳቸውም። ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው ያ ጃኬት ነው፤ ልብስ ይጮኻል እንዴ አትበሉኝ። ተነሥቼ ሄድኩ። ከኋላዬ አንድ ጊዜ ጠሩኝ። አልዞርኩም።

በማግሥቱ ጠዋት በጥበቃ ክፍሏ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እሳቸው ጻፍኩ። «አያ አጣናው የጓድ አንተነህን ግጥም ወደዱት። በጣም ጥሩ ነው አሉ። ይበል ብለዋል።» ይበልን ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። ከእሳቸው ቃል ከሌለበት የሚያምነኝ አልመሰለኝም።

ጓድ አንተነህ ቢሮ ስገባ የቀበሌው ጸሐፊ ጥጉ ላይ መዝገብ እየጻፈ ነበር። ጸሐፊው ጆሮው ረጅም ነው የሚባል ሰው ነው። ጓድ አንተነህ ወረቀቱን አነበበ። እንደገና አነበበ። ከዚያ ገለበጠና ጀርባውን አየ። ጀርባው ባዶ ነው።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ ጓድ።»

«እኚህ ሰው ስለ አንድ ኮፍያ ሙሉ ገጽ የሚናገሩ ሰው ናቸው።» ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ለዚህ ነው የበለጠ የፈራሁት። «ሂድ ጥራቸው።»

ጸሐፊው ከመዝገቡ ቀና አለ።

ከቀበሌው እስከ ሆስፒታሉ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላስታውስም። አያ አጣናው በመስኮቷ በኩል ለአንዲት እርጉዝ ሴት ካርድ እየሰጡ ነበር። ፊቴን ሲያዩ ጋዋናቸውን አውልቀው በወንበሩ ላይ አጠፉት፤ በጥንቃቄ ነው ያጠፉት፣ እንደማይመለስ ሰው። ዳገቱን ስንወጣ፣

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አሉ።

«ወደዱት ብዬ።»

«ሌላስ?»

«ይበል አሉ ብዬ።»

ቆሙ። መንገድ መሐል ነው የቆሙት፤ ከኋላችን የሚመጣው ባለ ጋሪ ጮኸብን። «ሌላ ቃል አጣህ?» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ መራመድ ጀመሩ፣ እኔም ከኋላ።

«እውነቱን ይንገሩት፣ አያ» አልኳቸው። «የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

የቀበሌው በር ላይ ስንደርስ የጥበቃ ክፍሏ በር ክፍት ነበር። አያ አጣናው አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ይኼ ጃኬት እስከ ዛሬ እዚህ ነው?»

«እዚሁ ነው።»

ትንሽ አዩት። ከዚያ ገባን።

ጓድ አንተነህ ወንበር አልሰጣቸውም፤ ረስቶት ይመስለኛል። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ይዞ ጥጉ ላይ አለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜአለሁ፤ አንድ ቃል ከአፋቸው እስኪወጣ ነው የምጠብቀው። እውነቱን ከተናገሩ ሐሰተኛ ሪፖርት ያቀረብኩ እኔ ነኝ፤ ለዚያ የሚሰጠውን ሁላችንም እናውቃለን።

«ስለ ግጥሙ ይበል ብለዋል?» አለ ጓድ አንተነህ።

አያ አጣናው ቀኝ እጃቸው ወደ መነጽራቸው ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ አቆሙት። እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱና ጎናቸው ላይ አሳረፉት። ያን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ይበል ብያለሁ» አሉ።

«ምነው?»

አዎ፣ እሱም «ምነው» አለ። ያን ሁሉ ሰኞ ሲያነብ ተምሯት ነው።

«አንዳንዱ ምክንያት አይፈልግም።»

«የትኛው መስመር ላይ?» አለ ጓድ አንተነህ። ወደ ፊት ጎንበስ ብሏል። ፊቱ የካድሬ ፊት አልነበረም፤ ውጤቱን የሚጠብቅ ተማሪ ነበር የሚመስለው።

አያ አጣናው ጓድ አንተነህን አዩ። ከዚያ በጥጉ ያለውን ጸሐፊ አዩ፤ የጸሐፊው እስክሪብቶ ወረቀት ነክቷል።

«ሁሉም ላይ» አሉ።

ጓድ አንተነህ ወደ ኋላ ተደገፈ። የጠበቅኩት ደስ ይለዋል ብዬ ነው። ደስ አላለውም። ወረቀቱን አጥፎ፣ «ይሂዱ። አንተም ሂድ። ከእንግዲህ ሪፖርት አታምጣልኝ» አለኝ።

ተረፍን። እኔም ተረፍኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዬ ሁሉ የዚያ ቀን ትርፍ ነው። አያ አጣናው ግን ከዚያ ወዲህ አስተያየት አልሰጡም። አዳራሹ ይመጣሉ፣ ሦስተኛው አግዳሚ ጥግ ይቀመጣሉ። እትዬ ውዴ፣ «እህስ፣ ዛሬ ኮፍያው ወደቀ?» ትላቸዋለች። «መነጽሬ አላሳየኝም» ይላሉ። ሳቅ ጠፋ። ሰው አንድ በአንድ መምጣት ተወ። የህንድ ፊልም ሲመጣም ሲኒማ ቤቱ በር ላይ አላየኋቸውም። በምንገናኝበት ጊዜ ሁሉ ሰላምታቸው እንደ ድሮው ነው፣ ቂም የሚባል አላየሁባቸውም። «ምነው» ሲሉ ግን ሁለተኛ አልሰማሁም።

በሚከተለው ዓመት ጓድ አንተነህ ወደ ግንባር ሂድ ተባለ። በሄደበት ቀን በጥበቃ ክፍሏ በኩል አለፈና በክር የታሰረ ወረቀት ሰጠኝ። «አቃጥለው» አለኝ። ሪፖርቶቹ ነበሩ። ከሱ በኋላ ስለ እሱ የሰማ የለም። አላቃጠልኩትም። ለመክፈትም አልደፈርኩም፤ በቆዳ ቦርሳዬ ታች አድርጌ ደርግ እስኪወድቅም፣ ከወደቀም በኋላ ብዙ ዓመት አኖርኩት።

አያ አጣናው ዓይናቸው ጨርሶ ከጠፋ በኋላ ነው ያ ነገር የተነሣው። ቀሐ ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄጄ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ ድንገት፣ «ያን ቀን እኮ አላስጨረስከኝም» አሉኝ።

የትኛውን ቀን ብዬ አልጠየቅኩም። «ግን ብለው ነበር» አልኳቸው።

«ግን መካከል ላይ አንዲት መስመር ነበረችው። እናት በሯን ሳትቀረቅር ታድራለች ይላል። ያችን ሲያነብ ድምፁ ወረደ፤ ሳያስበው ነው የወረደ። እናቱ ከአይከል ለሕክምና መጥተው ካርድ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ተጠሪ ማን ይሁን ብዬ ስጠይቃቸው የታናሹን ስም ሰጡኝ። ጽፌ ስጨርስ እጄን ያዙና፣ ፋቀው ልጄ፣ የትልቁን ጻፍ አሉኝ። ስለዚህ መስመሯን ስሰማ አወቅኋት። ለዚህ ነው መነጽሬን ያጠለቅሁ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ቢሮው ውስጥ ለምን አልነገሩትም? የትኛው መስመር ብሎ ሲጠይቅዎት።»

«ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ? እናቲቱ በሯን ለማን ነው የማትቀረቅረው ብሎ ቢጠይቅስ? በሪፖርቱ ብቻ ነበር የሚሆነው፤ በእጁ፣ ለእሱ ብቻ።»

እጃቸው ወደ ፊታቸው ሄደ፤ መነጽር ካቆሙ ቆይተዋል። ባዶውን ነክተው መለሱት።

ከቀብሩ ስመለስ ቦርሳዬን አወጣሁና ክሩን ፈታሁት። ሪፖርቶቹ በተራ በተራ ናቸው፤ ዜና አንባቢው አለ፣ ኮፍያው አለ፣ አልቃሿ አለች። ከሁሉ በታች እኔ ብቻዬን የጻፍኳት ወረቀት ናት። ገለበጥኳት። ባዶ የነበረው ጀርባዋ ላይ በእርሳስ፣ በጓድ አንተነህ እጅ፣ ደብዝዞ እንዲህ ይላል፤ «የትኛው መስመር?»

ለእኔ የሰጠኝ ለዚህ ይሆን? አቃጥለው ያለኝ እንዳነበው ይሆን? አላውቅም። እንደዚያ ከሆነ ስንት ዓመት ሙሉ ጥያቄውን በቦርሳ ዘግቼበታለሁ።

እርሳስ አነሣሁ። ከጥያቄው ሥር ጻፍኩ።

«አያ አጣናው እንዳሉት፤ ተራሮቹን ቢተዋቸው ጥሩ ነበር። እናቲቱ በሯን ሳትቀረቅር የምታድርበት መስመር ላይ ግን ይበል። ምክንያቱም ያየኸው እሱን ነው።»